ፅንሰ ሐሳብን ስለ ማስፈር፦ በከተማ ንድፍ ትምህርት ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው። የባዕዱ ቃል በግራ፣ አቻው በቀኝ ይሰለፋል፤ ከዚያም ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። ቃሉ ከገጹ ወጥቶ በአፍ ሲነገር፣ ይልቁንም ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ሲነገር ምን እንደሚሆን የሚከታተለው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የከተማ ንድፍ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሐሳባቸውን ወደ ስፍራ ፕላን መለወጥ በሚማሩበት ደረጃ የሚገለገሉባቸውን የአማርኛ ቃላት ነው። የተማሪዎቹን ሥዕል ለመተቸት ሙያው የለንም። ሥዕሉና ቃሉ የሚለያዩበትን ቦታ ለማሳየት ግን የቋንቋ ሙያ እንደሚበቃ እናምናለን።

ነገሩን ወደ እኛ ያመጣው አንድ የቃላት ዝርዝር ነው። በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የከተማ ንድፍ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸው ያዘጋጁትን የእንግሊዝኛ–አማርኛ ዝርዝር እንድናርምላቸው ጠየቁን። የተቋሙን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የምናነሣው ድክመት የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ጀምሮ የሕንፃና የከተማ ሙያ በአገራችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በአዲስ አበባ ሥራ የሚይዘው ተመራቂ ግን የወረዳውን ኮሚቴ የሚያነጋግረው፣ ነዋሪውን የሚያወያየው፣ ደብዳቤውንም የሚጽፈው በአማርኛ ነው። መምህራኑ ይህን ክፍተት አይተው ዝርዝሩን ማዘጋጀታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ቀጥሎ የምንሰነዝረው ሂስ ይህን ምስጋና አይቀንስም።

ዝርዝሩን በጠረጴዛ ላይ ብቻ አይተን ብንመልሰው ኖሮ ምናልባት ሰባት ወይም ስምንት ቃል አርመን ዝም ባልን ነበር። ሆኖም መምህራኑ ተማሪዎቹ ሥራቸውን በሚያቀርቡበት ዕለት እንድንገኝ ጋበዙን። ለጥናት የተሰጣቸው አካባቢ ጦር ኃይሎች ነበር። ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ጦር ኃይሎች በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚገኝ፣ ስሙንም ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል የወሰደ ሰፈር ነው። ቀለበት መንገድ በዚያ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመርም ከአያት ተነሥቶ የሚያበቃው እዚያ ነው። ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤተልና ወደ ኮልፌ የሚሄደው መንገደኛ ከባቡር ወርዶ ታክሲ ይፈልጋል። በመካከሉ ጉልት አለ፣ ሊስትሮ አለ፣ ሱቅ አለ፣ የታማሚ ጠያቂ አለ። ለከተማ ንድፍ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ፈተና የሚሆን ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከአካባቢው ነዋሪዎችም ጥቂት ሰዎች ተጋብዘው ነበር። አንድ ተማሪ በግድግዳው ላይ በለጠፈው ካርታ፣ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ በወፍራም ቀይ ቀለም ክብ አስምሮ፣ ከክቡም ወደ አራት አቅጣጫ ቀስቶችን አውጥቶ፣ «የሥራዬ ፅንሰ ሐሳብ ትራንስፖርት ተኮር ቅይጥ አገልግሎት ኖድ ነው፤ በአረንጓዴ ኮሪደር ከዙሪያው ጋር ይተሳሰራል» ሲል አስረዳ። መምህራኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከነዋሪዎቹ መካከል የነበሩ አንዲት እናት ግን እጃቸውን አነሡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ የሚሰፍረው የት ላይ ነው? ይኼስ ክብ የእኔን በር ይዟል ወይስ አልያዘም?» ብለው ጠየቁት። ተማሪው በአክብሮት፣ «እማማ፣ ይሄ ገና ፅንሰ ሐሳብ ነው፤ ቦታ ላይ አልወረደም» አላቸው። እሳቸውም፣ «ካርታው ላይማ ወርዷል» ብለው ተቀመጡ።

የዕለቱ ትምህርት ለእኛ በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል። ክቡ በእርግጥም ካርታው ላይ ወርዶ ነበር። ካርታው በ1፡10000 ስኬል የተሠራ ነው፤ በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በመሬት ላይ 10 ሜትር ይሆናል። ክቡ የተሰመረበት ቀለም ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ነበር፣ መስመሩ ብቻውን የ50 ሜትር ስፋት አለው። በኋላ ካርታውን ቀርበን ስናይ የእኒያ እናት ቤት በክቡ ውስጥም ከክቡ ውጭም አልነበረም፤ ከመስመሩ ሥር ነበር። ተማሪው መልሱን ያጣው ስላላሰበ አይደለም፤ ካሰበባቸው ቃላት አንዱም ይህን ጥያቄ ስለማያስነሣው ነው። አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ።

በመጀመሪያ «ፅንሰ ሐሳብ»። ቃሉ በጥሩ ሁኔታ የተፈጠረ ነው። የባዕዱን ቃል መሠረት፣ ማለትም «መፀነስ»ን ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፣ ሰዎች በ«ጸ» ቢጽፉትም ግእዙ «ፀንሰ» በመሆኑ በ«ፀ» መጻፉ ትክክለኛው ነው። ችግሩ የተሸከመው ሸክም ነው። በዕለቱ ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ «ፅንሰ ሐሳቤ ሰላምና አብሮነት ነው» ይላል፤ ይህ መፈክር ነው። ሌላው «ፅንሰ ሐሳቤ ለወጣቶች ሥራ መፍጠር ነው» ይላል፤ ይህ ዓላማ ነው። ሦስተኛው «ፅንሰ ሐሳቤ የሸረሪት ድር ነው» ይላል፤ ይህ ምሳሌ ነው። ሦስቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ መምህሩ «ፅንሰ ሐሳብህን ወደ ፕላን ለውጥ» ብሎ ሲያዝዝ አንዱ መፈክርን፣ አንዱ ዓላማን፣ አንዱ ሸረሪትን ሊስል ይነሣል። በእኛ አስተያየት «መፈክር»፣ «ዓላማ» እና «ምሳሌ» በየስማቸው ይጠሩ። «ፅንሰ ሐሳብ» የሚለው ግን ቢያንስ የሁለት ነገሮችን የአቀማመጥ ግንኙነት ለሚናገር ሐሳብ ብቻ ይቆይ። «ገበያው ከጣቢያው ፊት ይሁን» የሚል ሰው ፅንሰ ሐሳብ አለው። «አብሮነት» የሚል ሰው ገና የለውም።

ሁለተኛው «ንድፍ» ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ይህ አንድ ቃል በአራት የእንግሊዝኛ ቃላት ትይዩ ተጽፎ አገኘነው፤ ለመጀመሪያው ጭረት፣ ለረቂቁ፣ ለጠቅላላው የፈጠራ ሥራ፣ ለተጠናቀቀውም ፕላን። አንድ ቃል ብዙ ፍቺ መያዙ በራሱ ነውር አይደለም፤ ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የሚደበቀው የትምህርቱ ዋና ጉዳይ፣ ማለትም ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገር ነው። «ንድፍን ወደ ንድፍ ለውጡ» የሚል መመሪያ ለማን ይገባል? እዚህ ላይ የሸማኔውን አገር ቋንቋ ማስታወስ ይጠቅማል። ጥጥ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ይፈተላል፣ ድርና ማግ ተለይቶ ይሸመናል። ነዳፊው ጥጡን ፈትቶ ለፈታይ ያዘጋጃል እንጂ ሸማ አይሠራም። «ነደፈ» በሥዕል ረገድ የሚሰጠው ስሜትም ለተናጋሪው ከዚህ አይርቅም፤ ሐሳብ ተፈቶ፣ ቀለል ብሎ፣ ገና ያልተጠመዘዘበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ንድፍ» የመጀመሪያው ጭረት ስም ሆኖ ይቅር እንላለን። የሙያው ስም «የከተማ ንድፍ» መባሉ ሥር ስለ ሰደደ አንነካውም። ለመካከለኛው ደረጃ ሕግ አውጪው ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚገለገልበት «ረቂቅ» አለልን።

ሦስተኛው ቃል አስገራሚ ክርክር አስነሥቷል። የዝርዝሩ አዘጋጆች «ፕላን» ባዕድ ነው በማለት በየቦታው «ዕቅድ» ብለው ተክተውታል። እኛ እንደ ቋንቋ ባለሙያ ለባዕዱ ቃል ጠበቃ እንድንቆም ይጠበቅብናል ብለው አልገመቱም። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ልዩነት አበጅቷል። «ዕቅድ» የጊዜና የሀብት ነው፤ የአምስት ዓመት ዕቅድ እንላለን። «ፕላን» የወረቀት ላይ ሥዕል ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው «ፕላን አሠራሁ» ይላል እንጂ «ዕቅድ አሠራሁ» አይልም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም ይህንኑ ቃል በስሙ ይዟል፤ «መዋቅራዊ ፕላን» እና «የአካባቢ ልማት ፕላን» የሚሉት ስያሜዎችም በመሥሪያ ቤቶች ተለምደዋል። ሕዝብ ያገኘውን ልዩነት ለቃል ንጽሕና ሲባል ማጥፋት የመዝገበ ቃላት ሥራ ሊሆን አይገባም። ከዚህም ጋር «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ አካባቢ ያጠቃለለው ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ያስነሣው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ነው፤ ፕላኑም በ2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ቃሉን አብዛኛው ሰው የተማረው ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ጊዜ ዜና ነው። በነገራችን ላይ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ለኦሮሚያ አዋሳኝ እንደ መሆኑ፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር በአፋን ኦሮሞም ሊዘጋጅ እንደሚገባ ለመምህራኑ አሳስበናል።

አራተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፤ የስፍራ ጉዳይ። ዝርዝሩ «ህዋዊ ፕላን» ይላል። «ህዋ» ዛሬ የሚያስታውሰን ሳተላይትና የጠፈር ተጓዥ ነው፤ የጦር ኃይሎች ጉልት ነጋዴ በህዋዊ ፕላን ትነሣለች ቢባል ወደ ላይ የምትነሣ ይመስላል። በዳርቻው በእርሳስ የተጻፈ ሌላ አማራጭ «የቦታ ፕላን» የሚል ነበር። ይህ የተሻለ ነው፤ ሆኖም «ቦታ» በከተማው ኗሪ ጆሮ ካርታ የወጣለት የይዞታ መሬት ነው። «ቦታ አለኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። «የቦታ ፕላን» የሚባል ወረቀት ቢመጣ እያንዳንዱ የይዞታ ማረጋገጫውን ይዞ ይቀርባል። የሚቀረው «ስፍራ» ነው። እኛም የመረጥነው ይህንኑ ነው፤ የመረጥንበት ምክንያት ግን ሌሎቹ ስለ ወደቁ ብቻ አይደለም።

እናቲቱ «የሚሰፍረው የት ላይ ነው?» ያሉትን እንመልከት። «ሰፈረ» በአማርኛ አንድም እህል ለካ ማለት ነው፤ ከዚህም «መስፈሪያ» እና «መስፈርት» ይወጣሉ። አንድም በአንድ ስፍራ አረፈ፣ ድንኳን ተከለ፣ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ከዚህ «ሰፈር» እና «አሰፋፈር» ይገኛሉ። «አሰፈረ» ሲባል ደግሞ ሰዎችን አንድ ቦታ አስቀመጠ ማለትም፣ በጽሑፍ ላይ አዋለ ማለትም ይሆናል። ሁለቱ ፍቺዎች ከአንድ ግሥ ይፍለቁ ወይም ሁለት ግሦች በድምፅ ይገጣጠሙ ለዚህ ጽሑፍ ለውጥ የለውም። ለተናጋሪው በአንድ መልክ የተገኙ ናቸው። መለካት፣ መኖር፣ በወረቀት ላይ ማዋል፤ የከተማ ንድፍ መምህር በሁለት የትምህርት ዘመን ሊያስተምር የሚደክምለት ነገር በአንድ ግሥ ውስጥ ተቀምጧል። የዝርዝሩ አዘጋጆች «ፅንሰ ሐሳብን ወደ ህዋዊ ዕቅድ መተርጎም» ላሉት እኛ «ፅንሰ ሐሳብን ማስፈር» ብለን ጻፍን። «ማስፈር» ከ«መተርጎም» የሚለየው ሦስት ጥያቄ ሳያስከትል ስለማይነገር ነው፤ ምንን? የት? በምን ልክ?

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ከመምህራኑ ተነሥቶብናል፤ ሳንገልጸው ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። «ማስፈር» እና «ሰፈራ» በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከተካሄደው ትልቅ የሰፈራ ዘመቻ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ብዙ ሰው ከትውልድ ቀዬው ተነሥቶ ወደማያውቀው አገር የተወሰደበትን ጊዜ የሚያስታውስ ቃል ለወጣት ባለሙያ ማስተማር ተገቢ አይደለም፤ «መተርጎም» ንጹሕ ነው አሉን። ተቃውሞው እውነት አለው። ሆኖም «መተርጎም» ንጹሕ የሆነው ማንንም ስለማይነካ ነው። ፕላን ግን ሰው ይነካል። አንድ ተማሪ «ይህን ገበያ እዚህ አሰፈርኩት» ሲል ያን ታሪክ የሚያውቅ አድማጭ «ማንን አንሥተህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል እንላለን እንጂ ተበላሽቷል አንልም። በዚህ ነጥብ ከመምህራኑ ጋር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም።

«ኮሪደር»ም ተመሳሳይ ነው። ቃሉ ቀድሞ የሚታወቀው በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ከተካሄደ ወዲህ አዲስ ፍቺ ይዟል፤ ለአንዱ የተዋበ የእግር መንገድና መብራት ነው፣ ለሌላው የፈረሰ ቤትና የተለየ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ተማሪው «አረንጓዴ ኮሪደር» ሲል በመማሪያ መጽሐፉ ያለውን የዛፍ ረድፍ ማለቱ ነው፤ አድማጮቹ የሰሙት ግን ሌላ ነው። በዚያች ቅጽበት በክፍሉ ውስጥ የተፈጠረውን ዝምታ መምህራኑ የመደመጥ ምልክት አድርገው ወስደውታል። እኛ እንደዚያ አልተረጎምነውም። ዛፍ የተተከለበት መንገድ ማለት ከተፈለገ «ዛፍ የተተከለበት መንገድ» ማለት ይቻላል።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፍ። አሜሪካዊው ኬቪን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ስለ ከተማ ምስል በሚናገር መጽሐፍ የከተማን መልክ በአምስት ነገሮች ከፍሏል። ዝርዝሩ እነዚህን «መንገድ፣ ጠርዝ፣ ወረዳ፣ ቋጠሮ፣ ምልክት» ሲል መልሷቸዋል። «ወረዳ» የአስተዳደር ክፍል ስለሆነ በ«ሰፈር» ይተካ። «ቋጠሮ» ሊፈታ የሚገባው ነገር ስም ነው፤ ቂምም ይባላል። በምሽት የጦር ኃይሎችን የታክሲ ሰልፍ ላየ ሰው ቃሉ ያለ ቦታው አልገባም ሊባል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የንድፍ ግብ መሆን አይችልም። ከ«መገናኛ» የተሻለ አቻ ባልተገኘም ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያው የባቡር መስመር ላይ መገናኛ የሚባል ሰፈር ስላለ «ጦር ኃይሎች መገናኛ ይሆናል» ብንል መንገደኛውን ማሳሳት ነው። የሸምበቆና የጣት መጋጠሚያ የሆነውን «አንጓ»ን አቅርበናል፤ ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ «ኖድ» ማለታቸውን አልተዉም። የሚገርመው፣ ሊንች አምስቱን ያገኛቸው በቦስተን፣ በጀርሲ ሲቲና በሎስ አንጀለስ ነዋሪዎችን እየጠየቀና ከተማቸውን እያሣለ ነው። እኛ ጋ የደረሱት መልሶቹ ናቸው፤ ጥያቄው በመንገድ ቀርቷል። ጥያቄው አብሮ ቢመጣ ኖሮ ተማሪው ጣቢያውን «ኖድ» ብሎ ከማክበቡ በፊት ሐዲዱና ቀለበት መንገዱ ለእግረኛው ምን እንደሆኑ ይጠይቅ ነበር። በባቡር ለሚመጣው መገናኛ የሆነው ነገር፣ ማዶ ያለችውን ልጁን ከትምህርት ቤት ለሚያመጣ አባት ጠርዝ ነው፤ ማቋረጫ ፍለጋ ብዙ መሄድ አለበትና።

ለመሆኑ አማርኛ የስፍራ ቋንቋ ይጎድለዋልን? እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ሰፈር በምን ሥርዓት ይተከል እንደ ነበር በዝርዝር ጽፏል። ያ ሥርዓት ከመጽሐፉ ይልቅ በማዕረግ ስሞቻችን ውስጥ ቀርቷል፤ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች። ፊት፣ ደጅ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ማዕረጉ ራሱ የስፍራ ፕላን ነው። ብዙ ሺህ ሰው ወረቀት ሳያይ ድንኳኑን የሚተክልበትን ያውቅ ነበር። የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ከዚሁ የመጡ ናቸው፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን፣ ሠራተኛ ሰፈርን ማስታወስ ይበቃል። በኋላ የመጡት የከተማዋ ፕላኖች፣ የአበርክሮምቢ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የዴ ማርየን በ1965፣ የፖሎኒ በ1978፣ ከዚያም በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ትብብር በ1980ዎቹ የተሠራው፣ የውጭ ባለሙያዎች የመሯቸው ወይም የተካፈሉባቸው ነበሩ። ሙያው በባዕድ ቋንቋ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬም ያለ ቁጥርና ያለ ጎዳና ስም ቤታችንን የምናመለክተው፣ «ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ቅያሱን ገባ ስትል» እያልን ነው። ይህ ትክክለኛ የስፍራ ንግግር ነው፤ በክፍል ውስጥ የሚከለከለው ለምን እንደሆነ አልገባንም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከማረም አልፈን አንድ መልመጃ ለመምህራኑ አቀረብን። መልመጃው የቋንቋ ነው። ተማሪው እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ፅንሰ ሐሳቡን ግሥ ባለው አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ዓረፍተ ነገሩም አድራጊና ስፍራ ይኑረው። «ትራንስፖርት ተኮር ቅይጥ አገልግሎት ኖድ» በእንግሊዝኛ ቃላት ስለሚደረደሩ ይቆማል። በአማርኛ ግን ግሥ ስለሌለው ማን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ቀይ ክብ ያሰመረው ተማሪ ከብዙ መሰረዝ በኋላ የጻፈው ይህ ነው፦ «ከባቡር የወረደ መንገደኛ ትልቁን መንገድ ሳይሻገር፣ ጉልቱን በቀኙ አድርጎ፣ ዝናብ ሳይነካው ታክሲ ተራ ይደርሳል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር አንቀጽ በአንቀጽ ቢያዩት እያንዳንዱ ክፍል መስመር ይሆናል። «ከባቡር የወረደ» የጣቢያውን መውጫ ያስቆማል። «ሳይሻገር» ታክሲ ተራው ከመንገዱ በየትኛው ወገን እንደሚሆን ይወስናል። «በቀኙ» ጉልቱን ያስቀምጣል፤ ጉልቱ በግራ ቢሆን መንገደኛው ከመኪናው ጋር ይጋፋል። «ዝናብ ሳይነካው» የጣሪያ ርዝመት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ስኬል ይመጣል። በ1፡10000 ጉልቱ አይታይም። በ1፡2000 አንድ ሜትር ስፋት ያላት የጉልት መደብ በወረቀት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ የተቀረጸ እርሳስ ከነካት ጠፋች። በ1፡500 ሁለት ሚሊ ሜትር ስለምትሆን ልትሣል ትችላለች። ስለዚህ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ጉልት» የሚል ቃል ያለበት ተማሪ በ1፡2000 ሥራዬን ጨረስኩ ማለት አይችልም፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ስኬሉን ያዘዋል። ይህን ግንኙነት መምህራኑም እኛም አስቀድመን አላሰብነውም ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዷ ናት ያሳየችን።

መልመጃው ሁሉን አይፈታም። የፍሳሽ መስመርና የመሬት ዋጋ በዓረፍተ ነገር አይወሰኑም። አንዳንድ ተማሪዎችም ዓረፍተ ነገሩን አሳምረው ጽፈው ፕላኑን ከእርሱ ጋር ሳያገናኙ ትተውታል፤ ሥነ ጽሑፍ የሚያምርበት ሰው በዚህ ሙያ ውስጥ የራሱ አደጋ አለው። ሐሳቡን በቀጥታ በእጁ የሚያስብ ተማሪም ነበር፤ ቃል ስንጠይቀው ሥዕሉ ተበላሸ። እርሱን መምህራኑ ከመልመጃው ነጻ አወጡት፤ እኛም አልተቃወምንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ይዘው ወደ ጦር ኃይሎች ሄዱ። ቀይ ክብ የነበረው ተማሪ በ1፡500 የሠራውን ወረቀት በአንድ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። እኒያ እናትም መጡ። ከሆስፒታሉ አጥር ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቅያሱን ገብተው፣ ቤታቸውን አገኙት። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «በሩን በተቃራኒ አድርገኸዋል፤ የእኔ ደጃፍ ወደ መንገዱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጀበናዬን የማወጣው በዚያ ነው» አሉት። ተማሪው «ይቅርታ እማማ» ብሎ አጠፋና በትክክለኛው በኩል ሣለው። በዚህም ምክንያት ከደጃፉ ፊት ያልፍ የነበረው የታክሲ ተራ ጣሪያ አራት ሜትር ያህል መሸሽ ነበረበት።

«ደጃፍ» በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የእንግሊዝኛ አቻ ስላልተገኘለት በግራ ያለው ዓምድ ባዶ እንደሆነ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጨምሯል።